የከማሉዲን ማይል

ከማሉዲን በአዋሽ ከተማ ከሁሉ የወፈረ ጎረምሳ ነበር። ታላቅ ወንድሙን ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት፣ መልማዮቹ እሱን አይተው ሳቁ። «ይህን በርሜል ማን ይሸከመዋል?» ብለው ተዉት። ሻይ ቤት ያላት እናቱ ኡምሰልማ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ እሱ ግን በኀፍረት መሬት ጠበበችው።

የስፖርት አስተማሪው ጋሽ በላይ አዘኑለት። «አንተ እንደ ቀጭን ሰው አትሮጥም። እርምጃህን አሳጥር፤ ሲደክምህ በእግርህ ሂድ፤ ጉልበትህ እንዳይጎዳ አሸዋውን ምረጥ» አሉት። ፀሐይ ሳትበረታ በሐዲዱ ዳር አንድ ማይል መሮጥ ይለማመድ ጀመር። በመጀመሪያ አብዛኛውን የሚጨርሰው እያዘገመ ነበር።

እናቱ ቅቤ የጠጣ ገንፎ እያቀረበች ትማጠነው ነበር። «ብላ እንጂ ልጄ፤ ያተረፈህ ሥጋህ ነው!»

«እማ፣ የቀበሌው ውድድር ይለፍና እበላለሁ።»

በውድድሩ ቀን ማይሉን ሳይቆም ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። ሰው ሁሉ «በርሜሉ! በርሜሉ!» እያለ አጨበጨበ። መልማዮቹም ከሚያጨበጭቡት መሃል ነበሩ።

በሳምንቱ ሊወስዱት መጡ። ጋሽ በላይ «ልቡ ደካማ ነው፤ ተዉት» ብለው ለመኑ።

«እኛው በዓይናችን አይተነው!» አሏቸው።

ኡምሰልማ የልጇን ክንድ ይዛ፣ የጎደለውን ሥጋ እንደምትፈልግ ሁሉ ደጋግማ ዳበሰችው።

«ለምን ሮጥክ ልጄ?»

«መሳቂያ መሆን መሮኝ» ሊላት አሰበ። ፊቷን ሲያይ ግን ምክንያቱ እጅግ አነሰበት፤ ክንዱን ከእጇ አስለቅቆ የመልማዮቹ መኪና ላይ ወጣ።