ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ተገኘ

ፕሮግራመሯ የመፈለጊያውን ሣጥን ገጹ ላይ እንዳስቀመጠች፣ እንደ ልማዷ «ጭራሮ» ብላ ጻፈችበት። አዲስ ሥራ የምትፈትሸው ሁልጊዜ በዚህ ቃል ነው። ቅጥነቷን አይቶ አባቷ ያወጣላት የቤት ስም ስለሆነ፣ የአየር ትንበያ ድረ ገጽ ላይ ማንም አይጽፈውም። የምትጠብቀው መልስ «ምንም አልተገኘም» የሚል ነበር።

ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ተገኘ።

ዓይኗን አሸች። ዝናቡ በመስኮቱ ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ክፍሉ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። የመጀመሪያውን ከፈተችው፤ ከትንበያ ሥር የተጻፈ የጎብኚ አስተያየት ነው።

«ዛሬ ፀሐይ ነው ብላችኋል። እኔ የማምነው ጉልበቴን ነው፤ ይዘንባል። ጭራሮዬ፣ ጃንጥላ እንዳትረሺ።»

የተጻፈበት ቀን ከቤት በወጣች በሳምንቱ ነው። የአባቷን የልብስ ስፌት ቤት ትታ እዚህ ልትቀጠር ስትል አባቷ «ሰማይ ለማየት ኮምፒውተር ምን ያደርጋል?» አላት፤ ነገር ነገርን አመጣና በሩን አላትማ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተደዋወሉም። እሱ ግትር ነው፤ እሷስ በማን ትወጣ? ለካ አልፎ አልፎ ብቻ እየዘለለ በየቀኑ ይጽፍላት ኖሯል። የምታነበው መስሎት ይሆናል። የጎብኚዎችን አስተያየት ግን ማንም አያነበውም፤ በሳምንቱ ወደ ማኅደር ይወርዳል።

አለቃዋ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። መፈለጊያው ከሰዓት በኋላ ለሕዝብ ይከፈታል።

«ይኼ ባለጉልበት ደግሞ ማነው? ማኅደሩን እኮ ሞላው። አጥፊልኝ።»

«ከእኛ ትንበያ ይልቅ የእሱ ነው ልክ የሚሆነው» አለች። «አባቴ ነው።»

አለቃዋ ጎንበስ ብሎ አስተያየቱን አነበበ። ከዚያ «እንግዲያው ይቆይ» ብሎ ሄደ።

የመጨረሻውን ከፈተች፤ ከተጻፈ ስምንት ቀኑ ነው።

«ጉልበቴ ዛሬ ዝም ብሏል። የእናንተን አምኜ ጃንጥላ ይዤ ልወጣ ነው። ጭራሮዬ፣ አሸነፍሽ።»

አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ጠዋት ይዛው የመጣችው ጃንጥላ ወንበሯ ላይ ተንጠልጥሎ ገና ይንጠባጠባል። የዕለቱን ትንበያ ከፈተችና ከሥሩ፣ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፈች፦

«አባዬ፣ ጃንጥላዬን ረሳሁ። ከሥራ ስወጣ መጥቼ ያንተን እወስዳለሁ።»