ክብሪት የማይጫርበት ክፍል

ቢሻው ሰው ገድሎ ከአዘና ሲሸሽ ዳንግላ ደርሶ ያገኘው ሥራ፣ ይግረማችሁ፣ ባትሪ መንከባከብ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ሞተር እህል እየፈጨ ዲናሞ ያዞራል፤ በዚያው የጭነት መኪኖች ባትሪ ከኋላ ባለችው ክፍል ይሞላል። ያ ግልፍተኛ ሰው እዚያች ክፍል ሲገባ አራስ ሊጠይቅ የመጣ ይመስላል። ክዳኖቹን አንድ በአንድ ይፈታል፣ የጎደለውን ውሃ ይጨምራል። የምንጭ ውሃ ባትሪ ይገድላል፤ ስለዚህ አረቄ አውጪዋ ወርቅነሽ ውሃውን እንደ አረቄ አንጠባጥባ በትልቅ ጠርሙስ ታዘጋጅለታለች። ከሁሉ በላይ መስኮቱን አይዘጋም። ባትሪ ሲሞላ የሚተነፍሰው ነገር እሳት ካገኘ ይፈነዳል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አበረ ምንሽር ጠመንጃውን ይዞ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆመ። ቢሻው በድንበር ጠብ አናቱን በሽመል ብሎ የገደለው ገበየሁ፣ የአበረ ታላቅ ወንድም ነበር። አበረ ደሙን እስኪመልስ ብሎ አራት ዓመት ጠጉሩን አልተላጨም። ቢሻው በመስኮቱ አየው። ስምንት ባትሪ እየፈላ መስኮቱን ዘጋ፣ በሩን ገጠመ፣ ጥግ ካለው ባዶ የነዳጅ በርሜል ኋላ የውሃውን ጠርሙስ ተደግፎ ተወተፈ። አበረ አስፈጪዎቹን አንድ ባንድ ሲጠይቅ ቆየ። የክፍሏ አየር የቢሻውን ጉሮሮ ይከረክረው ጀመር።

በሩ ተበረገደ።

«ቢሻው፣ ውጣ። እንደ ወንድ ሙት።»

አበረ በጨለማው ምንም አልታየውም። ምንሽሩን በብብቱ ይዞ ክብሪት አወጣ።

ቢሻው «አትጫር» ቢል ራሱ ይሞታል፤ ዝም ቢል ያኛው ይሞታል። ዝም አለ። እኔ ብሆን እናገር ነበር ብሎ የሚምል ካለ ጠመንጃ ተደግኖበት አያውቅም።

አበረ ጫረ። ክፍሏ ጮኸች። የአንዱ ባትሪ ሆድ ተዘርግፎ ውስጡ የነበረው አሲድ የአበረን ፊት አለበሰው። ምንሽሩ ከእጁ ወደቀ። ግድግዳውን በግንባሩ እየመታ «ዓይኔን፣ ዓይኔን» ይላል። አስፈጪው ተኩስ መስሎት ተበተነ።

ቢሻው ዘሎ ደጃፉ ደረሰ። የሚቃጠል ቆዳ ሸተተው። ራሱን እየረገመ ተመለሰ፤ አበረን በጠጉሩ ጎትቶ ጣለው፣ ደረቱን በጉልበቱ ተጭኖ የወርቅነሽን ውሃ ያፈስበት ጀመር።

«ዓይንህን አትጨፍን።»

አበረ ድምፁን ሲሰማ መንፈራገጡን ተወ። «ቢሻው ነህ?»

«ነኝ። ግለጠው።»

የአበረ ቀኝ እጅ የቢሻውን ጉሮሮ አነቀ። በግራው ግን የገዛ ዓይኑን ቆብ ገልጦ ይዟል። አንቆ ባጠበቀ ቁጥር የሚፈሰው ውሃ ዓይኑን ይስታል፤ ያኔ ላላ ያደርጋል። እንዲህ ሲተናነቁ ጠርሙሱ ተንጠፈጠፈ።

«አለቀ» አለ ቢሻው፣ ትንፋሽ አጥሮት።

«ገና ያቃጥለኛል።»

«ወርቅነሽ ቤት አለ።»

ካልለቀቀው ውሃ የለም፤ ከለቀቀው የወንድሙ ገዳይ ይሄዳል። አበረ «ብትሸሽ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታ።

ቢሻው ምንሽሩን ከወደቀበት፣ ከአበረ እጅ አጠገብ፣ ትቶት ወጣ። ደጅ አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ወደ እንጅባራ ሊፈተለክ ነው። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ «ቢሻው፣ ዝለል፣ ሳይገድልህ» አለው።

ቢሻው ባዶውን ጠርሙስ እንደታቀፈ ወደ ወርቅነሽ ቤት ሮጠ።