የእሁድ ልጅ

ብዙወርቅ ቦሌ በምትኖርበት ዘመን ከአቃቂ ሰው አንድም ያገኛት አልነበረም። የመኪናዋ መስታወት ጥቁር፣ ስልኳ ዝግ፣ ከቴአትር ቤት ስትወጣም በጓሮ በር ነበር። ደረቅ ቼክ ጽፋ ቃሊቲ ስትገባ ግን ጎረቤት ሆነች። ዕድሜ ለደረቅ ቼክ፣ አገር ምድሩ የሚወዳት ተዋናይት በሚኒባስ ጥቂት ፌርማታ ላይ ቁጭ አለችላቸው።

በአቃቂና በቃሊቲ ይህን ያህል ደራሲ መኖሩ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ግጥም የጻፈው፣ ዜማ የደረሰው፣ የፊልም ሐሳብ አለኝ ባዩ ሁሉ ብርቱካኑን በፌስታል አንጠልጥሎ እሁድ እሁድ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ተሰለፈ። "እግዜር ያስፈታሽ" ይሏትና ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ "አንዲት ድርሰት ነበረችኝ" ብለው ይቀጥላሉ። ለሴትዮዋ አዝኖ የመጣ አልነበረም ማለት ግፍ ይሆናል። ቢሆንም ብርቱካኑን ብቻ ይዞ የመጣው ጥቂት ነው። በመጨረሻ የበሩ ተረኛ ሳጅን ወልደሚካኤል ተማረሩ። ለእሷ ከቤተሰብ በቀር ጠያቂ እንዳይገባ፣ ቤተሰብም ቢሆን በአንድ እሁድ ከአንድ ሰው እንዳይበልጥ አዘዙ።

ይህ ትእዛዝ ከሁሉ ይበልጥ የጎዳው እምነትን ነው። እምነት ቀን ክር ፋብሪካ ትሠራለች፣ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ቴአትር ትጽፋለች። አንዷን ቴአትር ለመጨረስ ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። ታሪኩ ባቡር መቆም ከተወበት ጣቢያ አልነቃነቅም ስላለች የጣቢያ ኃላፊ ሚስት ነው። የሴትዮዋን ንግግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጻፈችው የብዙወርቅን ድምፅ በጆሮዋ እየሰማች ነበር። ያ ድምፅ ማይክራፎን አያውቅም። ብዙወርቅ መድረክ ላይ ሹክ ብትል የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ሰው ይሰማታል ይባል ነበር።

የሚሌኒየሙ ጌጥ ገና ባልወረደበት የቀበሌ አዳራሽ ከጓደኞቿ ጋር ሲለማመዱ ከረሙ። መድረክ የሚሰጣቸው ግን ጠፋ። ያልሄዱበት ቴአትር ቤት አልነበረም። በመጨረሻ አንዱ ኃላፊ ድርሰቱን ሳይገልጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ "ብዙወርቅ አስተማሪዬ ነበረች። እሷ አንድ ቃል ካለችልኝ መድረኩን እከፍትላችኋለሁ" አላት። እምነት አንዲት ቃል ብቻ ነበር የቀራት።

"በሩ ተዘጋ" አላት ሁንዴ። ሁንዴ ቀን ብረታ ብረት ቤት ይበይዳል፣ በቴአትሩ የጣቢያው ኃላፊ እሱ ነው። "ቤተሰብ ብቻ ነው የሚገባው። በቃ፣ ተበላን።"

"ልጅ አላት አይደል?"

"አንዲት። ሶሊያና። ግን እናቷ ከታሰረች ጀምሮ ደጇንም አልረገጠች አሉ።"

ምክንያቱን መጽሔቱ ሁሉ አውርቶታል። ሶሊያና ከአባቷ የወረሰችውን ቤት ብዙወርቅ ለፊልሟ ስትል አስይዛ ተበደረችበት። ፊልሙ ከሰረ፣ ቤቱም በዚያው ሄደ።

እምነት ቤቷ ገብታ መታወቂያዋን አውጥታ አየችው። የራሷ ስም፣ የአባቷ ስም፣ የአያቷ ስም። የእናት ስም የለበትም። ማንም ሴት እናቷ ነኝ ብትል መታወቂያው አይክዳትም።

እሁድ ጠዋት "የታመመች ጓደኛዬን ልጠይቅ" ብላ እናቷን ጨጨብሳ አሠራቻት። እናቷም የሰው ልጅ ታመመች ብላ ቅቤውን ሳትሰስት ሠራችላት። ምሳ ዕቃው ገና ትኩስ እንደሆነ በሩ ላይ ደረሰች።

"ለማን ነው?" አሏት ሳጅን ወልደሚካኤል።

"ለብዙወርቅ።"

"ምኗ ነሽ?"

"ልጇ ነኝ" አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ሳጅን መታወቂያውን አዩ፣ ፊቷን አዩ። "እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?"

"ተጣልተን ነበር።" ይህን አስባበት አልነበረም፣ ራሱ ከአፏ ወጣ።

የሳጅን ፊት ለሰለሰ። "እናት አይደለች እንዴ" አሉ። "በይ ቅመሺና ግቢ።" ለእስረኛ የሚገባ ምግብ ሁሉ ያመጣው ሰው ሳይቀምሰው አያልፍም። እምነት የእናቷን ጨጨብሳ ጎረሰች። እያላመጠች ገባች።

ውስጥ ጠያቂና እስረኛ የሚተያዩት በሁለት የእንጨት አጥር ተለያይተው ነው። በመሐሉ ዘብ ይመላለሳል። ሰው ሁሉ ይጮኻል፣ ካልጮኸ አይሰማም። የልጁን ፈተና ውጤት የሚናገረው፣ ስለ ጠበቃ የሚጠይቀው፣ የሚያለቅሰው፣ ሁሉም በአንድ ላይ ነው።

"ብዙወርቅ!" ብሎ ተጣራ ዘቡ። "ልጅሽ መጥታለች!"

ብዙወርቅ እየሮጠች መጣች። ልብስ ስታጥብ ነበር መሰል፣ አረፋው እስከ ክርኗ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት አንዱን ጫማ እየጎተተች ስትሮጥ ያየ እንዴት ይረሳል። ዓይኗ እምነትን አልፎ ሄደ። ከኋላዋ ፈለገ፣ ግራና ቀኙን ፈለገ፣ ከዚያ ተመለሰና እምነት ላይ ቆመ። ገባት።

እምነት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ውሸቱ ሳጅንን እንጂ ሌላ ሰው ይጎዳል ብላ አላሰበችም ነበር።

"መጣችልሽ? ልጅሽ ናት?" ይላሉ ከኋላ የተሰበሰቡት እስረኞች። ወራት ሙሉ "ትመጣለች" ስትላቸው ኖራለች። ብዙወርቅ አረፋውን በቀሚሷ ጠረገች፣ አገጯን ቀና አደረገች።

"ከሳሽብኝ፣ ልጄ" አለች።

"ደህና ነሽ፣ እማዬ?"

"ማነሽ?" ብላ ልትጠይቃት አትችልም፣ ዘቡ ይሰማል። እምነትም "ይቅርታ ያድርጉልኝ" ልትላት አትችልም። በዚያ ጩኸት መሐል ትወናው ብቻ ቀረላቸው። እምነት የመጣችበትን ነገር አወጣችው፦

"ቴአትር ጽፌያለሁ፣ እማዬ።"

"አንቺም?" አለች ብዙወርቅ። በዚያች ቃል ውስጥ ብርቱካን ያንጠለጠለው ሰው ሁሉ ነበረበት። ፊት ትነሳኛለች ብላ እምነት ስትጠብቅ፣ ሴትዮዋ ወደ እስረኞቹ ዞር ብላ አየች። ሁሉም ደስ ብሏቸው ይስቃሉ። "እሺ" አለች። "እሁድ ነይና ንገሪኝ።"

እምነት በየእሁዱ መመላለስ ጀመረች። ስሟንም ብዙወርቅ ከዘቡ አፍ ሰምታ ያዘችው። ወረቀት ስለማይገባ ቴአትሩን በቃሏ እየጮኸች ትወጣዋለች፣ ብዙወርቅ ከወዲያ ማዶ ታርማታለች። "ሴትዮዋ እንዲህ አትልም! ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት ብዙ አታወራም፣ ቁረጪው!" በግራና በቀኝ ያሉት ጠያቂዎች ሳይቀሩ የራሳቸውን ወሬ አቋርጠው ያዳምጡ ጀመር። በሦስት ዓመት ያልተቃና ነገር በጥቂት እሁድ ተቃና። እምነት እንዲህ ተደስታ አታውቅም። እንዲህ ተጨንቃም አታውቅም። አንዳንዴ ብዙወርቅ ንግግሯን ታቋርጥና "ሹራብ ልበሺ፣ ሳንባሽ ደካማ ነው" ትላታለች። የእምነት ሳንባ ምንም አልነበረበትም። ቤት ስትመለስ ደግሞ እናቷ "ጓደኛሽ አልተሻላትም?" ስትላት ምሳ ዕቃውን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች።

"ቃሉን አገኘሽ?" ይላታል ሁንዴ።

"አልጠየቅኳትም።"

"ታዲያ ምን ልትሠሪ ትመላለሻለሽ?"

ምን ልትሠራ እንደሆነ እሷም በደንብ አላወቀችውም።

ቴአትሩ ተወጥቶ ባለቀበት እሁድ ብዙወርቅ ራሷ "የት ልታሳዩት ነው?" ብላ አነሳችው፣ እምነትም የኃላፊውን ነገር ነገረቻት። "ማክሰኞ ጠበቃዬ ይመጣል። ለዚያ ለቴአትር ቤቱ ኃላፊ እንዲደውልለት እነግረዋለሁ። መድረኩን ይከፍትላችኋል።" ብዙወርቅ ግን ገና አልጨረሰችም፣ አጥሩን ይዛ ጠጋ አለች።

"እህትሽን ሶሊያናን ካየሻት" አለች።

"ምን ልበላት?"

"አልተቀየምኩሽም በያት።" አሰበችና ራሷን ነቀነቀች። "ተዪው። መቀየም የእሷ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ቤቱ የእሷ ነበር። ነይ ብላሻለች በያት። ነይ ብቻ።" ይህን ያለችው ሳትጮኽ ነው። እምነት አንድም ቃል አላመለጣትም።

ስትወጣ ደስታና ኀዘን ተደበላልቆባት ነበር። ለሁንዴ እንዴት እንደምትነግረው እያሰበች በሩ ጋ ደረሰች። እዚያ አንዲት ወጣት ፌስታል በሁለት እጇ አቅፋ ከሳጅን ወልደሚካኤል ጋር ትነጋገራለች።

"ነገርኩሽ እኮ፣ የእኔ እህት" ይላሉ ሳጅን። "ልጇ ገብታለች። በእሁድ አንድ ሰው ነው።"

"ልጇ እኔ ነኝ።"

"ከእሷ ያልተወለደ የለም" አሉ ሳጅን ሰልችቷቸው። ከዚያ እምነትን አዩ። "ይቺውልሽ፣ ልጇ። ስንት እሁድ የተመላለሰች።"

ወጣቷ ዞረች፣ አገጯን ቀና አድርጋ እምነትን አየቻት። ሌላ ምስክር አያስፈልግም ነበር።

ከእምነት የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ካለች ማክሰኞ ጠበቃው ይደውላል፣ የሦስት ዓመት ልፋቷ መድረክ ላይ ይወጣል። ሶሊያና የሚቀጥለው እሁድ ልትመጣ ትችላለች። ላትመጣም ትችላለች። ከተናገረች ግን በሩ ይዘጋባታል፣ ብዙወርቅም አብራ ዋሽታለችና ትጠየቃለች፣ ጠበቃና ስልክ የሚባለው ነገርም በዚያው ያበቃል። እምነት ይህን ሁሉ አሰበች፣ አስባም ዝም አለች። ዝም ማለቷን መካድ አይቻልም።

"ሌላ ልጅ አላት ማለት ነው" አለች ሶሊያና። ለማንም አልነበረም የተናገረችው። "ይሁን።" ፌስታሉን እንዳቀፈች ወደ ታክሲው መንገድ ሄደች።

"ልጇ እሷ ናት" አለች እምነት። ድምፅዋ ቀጠነባት፣ ደገመችው። "ሳጅን፣ ልጇ እሷ ናት። እኔ አይደለሁም።"

ሳጅን ወልደሚካኤል ጆሯቸውን አላመኑም። "ምን አልሽ?"

"ቴአትር ጽፌ ነው። እንዲያግዙኝ ፈልጌ ነው።" ሲነገር እንዴት ትንሽ ነገር ሆነ።

ሳጅን መታወቂያዋን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። "እዚህ ተቀመጪ፣ ንቅንቅ እንዳትይ" ብለው አግዳሚውን አሳዩዋትና ሶሊያናን ጠሩ። "ነይ፣ ልጄ። ቅመሺና ግቢ።"

ሶሊያና በአጠገቧ ስታልፍ እምነት "ነይ ብላሻለች" አለቻት። ሶሊያና ዞር ብላ ሳታይ ገባች።

እምነት አግዳሚው ላይ ሆና ግድግዳውን እያየች ጆሮዋን አቆመች። በጩኸቱ መሐል ዘቡ ሲጣራ ሰማችው።

"ብዙወርቅ! ልጅሽ መጥታለች!"

የሚሮጥ እግር ጠበቀች። አልመጣም። ልጇን አሁን አሰናብታ የገባች ሴት ምን ያስሮጣታል? ቆይቶ ግን ማይክራፎን የማያውቀው ድምፅ የጠያቂውን ሁካታ አልፎ እስከ አግዳሚው ድረስ መጣ።

"እምነት፣ ልጄ፣ ምን ረሳሽ?"

ከአጥሩ ወዲህ የቆመችው ግን ሶሊያና ነበረች።