ዲ አይነካም

አባቴ ሥራውን በሙሉ የሚያስቀምጠው የኮምፒውተሩ ዲ ላይ ነበር። ባለሙያዎቹ ዲ አይነካም ብለውታል። ያኔ ካራ ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያምን ነበር፤ ቫይረስ ሲገባ ባለሙያ ይጠራል፣ ሲ ፎርማት ተደርጎ ይጠረጋል፣ ዲ ላይ ያለው የሠርግ ፎቶና መዝሙር እንዳለ ይቆያል። እውነትም ነበር። ወንድሜ ዋቅቶላ ሊኑክስን ይዞ እስኪመጣ ድረስ።

አባቴ ፈዬራ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ አንድ መጽሐፍ ይጽፍ ነበር፤ ከካራ እስከ እንጦጦ ጀርባ ያሉት ማሳዎች፣ ምንጮች፣ ጨፌዎችና ጉብታዎች ድሮ በኦሮምኛ ማን ይባሉ እንደነበር፣ ለምንስ እንደዚያ እንደተባሉ። በእግሩ እየዞረ ሽማግሌዎችን ጠይቋል። አብዛኞቹ ማሳዎች አሁን የማኅበር ቤት ሆነዋል፤ ከሽማግሌዎቹም አብዛኞቹ ሞተዋል። ይህን መጽሐፍ ማን ያነበዋል ብዬ ጠይቄው ነበር።

"አንቺ" አለኝ።

በእጁ የጻፈውን ኮምፒውተር ላይ ከገለበጠ በኋላ ወረቀቱን ሾላ ገበያ ቅመም ለምትሸጠው ለአሳየች ይሰጣታል። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናት፤ መጠቅለያ ሁልጊዜ ያንሳታል። ፍላሽ ላይ ገልብጥ ስለው ፍላሽ የቫይረስ ቤት ነው ይለኛል። በዚህስ አልተሳሳተም፤ በ2002 ዓ.ም. እኛ ሰፈር ንጹሕ ፍላሽ አልነበረም። ማተሙን ደግሞ ሲያልቅ ይደርሳል ብሎ ተወው። ስለዚህ መጽሐፉ በዓለም ላይ የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

የዚያን ዓመት ቫይረሱ ባሰ። ፎልደሮቹ ሁሉ ጠፍተው በምትካቸው የማይከፈቱ ምልክቶች ይመጣሉ፤ ባለሙያው ያጸዳል፣ በሳምንቱ ይመለሳል። ዋቅቶላ ከካምፓስ አንድ ሲዲ ይዞ መጣ። ሊኑክስ፤ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን። ከውጭ አገር በፖስታ፣ በነጻ የተላከለት።

"ቫይረስ አይዘውም። ክራክ የለ፣ ሲሪያል ቁጥር የለ። እንደ ዊንዶውስህ ሕጋዊ ኮፒ አይደለም እያለ አያፈጥብህም። ንጹሕ!"

"በነጻ?" አለ አባቴ። "ምን ፈልገው ነው?"

"ምንም። እንደ ወንጌል ነው በቃ፣ በነጻ ይታደላል።"

"ወንጌል ስሜ ነው" አልኩት። "ከሲዲህ ጋር አታደባልቀኝ።"

ቅዳሜ ጠዋት ተጀመረ። እኔ የሥራ ልብሴን እተኩሳለሁ፤ ዋቅቶላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል፤ አባቴ ከጀርባው ቆሟል።

"ዲ ላይ ነው ያለው፣ ሰማህ?"

"ሰማሁ አባዬ።"

"ዲን እንዳትነካ።"

"እሺ አልኩ እኮ! እስቲ አየር ስጠኝ።"

ሲዲው የት ልጫን ብሎ ጠየቀ። ሲ የሚል የለም፣ ዲ የሚል የለም። አንድ ዲስክ ብቻ ነው ያሳየው። ዋቅቶላም ይህ ሲ መሆን አለበት፣ ዲን አላየውም፣ ስላላየው አይነካውም ብሎ አሰበ። እንደ አገሩ ሁሉ ሲና ዲ ሁለት ዲስኮች ይመስሉት ነበር። አንድ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ መሆኑን የነገረው የለም። ሙሉውን ውሰድ የሚለውን መረጠ።

ቶሎ አለቀ። ሲከፈት ከበሮ የመሰለ ድምፅ አሰማ፤ አባቴ ደስ አለው። ፍጥነቱም ደስ አለው። ከዚያ "ዲ የታለ?" አለ።

ዋቅቶላ መፈለግ ጀመረ። ጆሮው ሲቀላ አየሁና ካውያውን ነቀልኩት።

ስታቲስቲክስ ነው ያጠናሁት፤ ኮምፒውተር ሙያዬ አይደለም። ግን የተሰረዘ ነገር ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው እንደሚቆይ አውቃለሁ። ኮምፒውተሩን አጥፉት፣ ማንም እንዳይነካው አልኩ። ሰኞ ከሥራ ስወጣ ሲግናል ሰፈር ሀሚድ ጋ ሄድኩ። ሀሚድ ኮምፒውተር ይጠግናል።

"ይወጣል" አለ። "ሁሉም ባይሆን ብዙው ይወጣል። የማወጣበት ትልቅ ዲስክ ግን የለኝም፤ የሚመጣልኝ አለ። እስክደውልልሽ ድረስ ኮምፒውተሩ አይከፈት።"

"አንተ ጋ ላስቀምጠው?"

"ሱቄን አላምነውም። ክረምት ላይ ሰብረውብኛል።"

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ አባቴ እየጻፈ ነው።

"አባዬ! ምን እያደረግህ ነው?"

"ሳልረሳው ልጻፈው እንጂ።"

"የምትጽፈው እኮ አሮጌው ላይ ሊያርፍ ይችላል።"

"በምን አወቅሽ? ይህን ያህል ሰፊ ነው ስትሉኝ አልነበረም?"

"የት እንደሚያርፍ አላውቅም። ችግሩም እሱ ነው።"

"ታዲያ የት ልጻፍ?"

"ወረቀት ላይ።"

"ወረቀትን አየነው" አለ። "ሚጥሚጣ ተጠቅልሎበታል።"

የመብራት ገመዱን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ሥራ ሄድኩ። በየቀኑ ይዤው እሄድ ነበር። ባልደረቦቼ ምንድን ነው ሲሉኝ የአባቴ መጽሐፍ ነው እላቸዋለሁ። ሀሚድ ጋ ስደውል ገና ነው ይለኛል። ቤት ስገባ አባቴ አያናግረኝም።

አንድ ቀን ወደ ማታ ከበር ላይ የአባቴን ሳቅ ሰማሁ። ስገባ እሱና ዋቅቶላ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ኮምፒውተሩ ተከፍቷል። ዋቅቶላ ጥፋቱ ሲያብሰለስለው ከርሞ ለአባቴ ካሳ ያመጣ መስሎታል፤ የእኛን አካባቢ ከሳተላይት የተነሳ ፎቶ፣ ከካራ እስከ እንጦጦ ጫፍ፣ እያንዳንዱ ጣሪያ እስኪታይ። ካምፓስ ውስጥ ሲያወርድ ሰንብቶ፣ በሰው ዲስክ ይዞ መጥቶ ገልብጦለታል።

"ነይ እይ!" አለኝ አባቴ። ስንት ጊዜ ሲያኮርፈኝ ከርሞ። "ይቺ ጉብታ ትዝ አለችኝ። ይቺ ደግሞ ምንጯ፤ እነ ወልደ ሐዋርያት ግቢ ሥር የነበረችው። እያየሁ ሁሉንም እጽፈዋለሁ።"

"ገመዱን ከየት አመጣችሁ?"

"ከቤተ ክርስቲያን ቢሮ" አለ ዋቅቶላ። "የኮምፒውተር ገመድ ሁሉም አንድ ነው እኮ።"

"ፎቶው ስንት ጊጋ ነው?"

"ምን አገናኘው? ከዚህ እስከ..." አለና እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። ያን ያህል ፎቶ አሮጌው ላይ እንደተጻፈ ገባው። አባቴ ግን አልገባውም ነበር፤ ጣቱን ማሳዎቹ ላይ አድርጎ ይስቅ ነበር። እኔም ቦርሳዬን ከነገመዱ አስቀመጥኩ። ምን ልለው? መንቀልም አሁን ጥቅም የለውም።

ሀሚድ የደወለው ከዚያ በኋላ ነው። ሲፒዩውን በታክሲ አባቴ ጭን ላይ አድርገን ሲግናል ወሰድነው። ሀሚድ ሲሠራበት ዋለ። ስንመለስ ለአባቴ ወንበር አቀረበለት፤ አባቴ አልተቀመጠም።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ብዙ ተጽፎበታል።"

የወጡት ፋይሎች ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ። ግማሹ ግራጫ የሆነ የአክስቴ የሠርግ ፎቶ። መሃሉ ላይ የሚቆረጥ መዝሙር። ቫይረሱ ምንም ሳይጎድልበት ወጥቷል። ከመጽሐፉ ሁለት ገጽ ከምናምን።

አባቴ ቆሞ አነበበው። ስለ አንዲት ምንጭ ነበር። መጨረሻው ላይ "ይህን ያስረዱኝ አዛውንት አቶ" ይልና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ነው።

"ማን ነበሩ?" አለኝ።

"አላውቅም አባዬ።"

"ነግሬሽ ነበር እኮ።"

ነግሮኝ ይሆናል። እራት ላይ ብዙ ነገር ይነግረን ነበር።

ኮምፒውተሩ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልተበላሸም። አይንቀራፈፍም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንኳ ምንም ሳይሆን ይነሳል። ዋቅቶላ ተመርቆ ክፍለ አገር ሄዷል፤ ሲደውል ስለ ኮምፒውተሩ አይጠይቅም። አባቴ ጠዋት ጠዋት ይከፍተዋል። የሳተላይቱን ፎቶ ያወጣና ጣሪያ በጣሪያ ይሄዳል። አዲሱ ፋይል ከሦስተኛው ገጽ አላለፈም።

ባለፈው እሑድ ሻይ ይዤለት ገባሁ። ጣቱን አንድ ሰማያዊ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አድርጓል።

"እዚህ ጋ ሰፊ ማሳ ነበር" አለ።

"ማን ይባል ነበር?"

ብዙ ካሰበ በኋላ "ጽፌዋለሁ" አለኝ። "ዲ ላይ አለ።"