ሬዲዮ ዝም ያለች ሰሞን

ሬዲዮ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ባለው የሽቦ አጥር ቀዳዳ ጎንበስ ብላ ሾለከች። ቦርሳዋ ግን ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረና እሷ ግማሽ ወዲህ፣ ግማሽ ወዲያ ሆነች።

«ቆይ፣ አትጎትቺው! ትቀጂዋለሽ» አላት ታላቅ ወንድሟ ከኋላ። ማንጠልጠያውን እያላቀቀ ማጉረምረሙን ቀጠለ። «ስንት ዓመት በዋናው በር ባንዲራ ይዘሽ፣ እንግዳ እየመራሽ እንዳልገባሽ፣ ዛሬ እንደ ሌባ ድመት በሽንት ቤት ጓሮ! ወይ ጊዜ!»

ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው። መሳቅም ተከልክላለች።

ከአጥሩ ወዲያ፣ በዋናው የተራራ መንገድ መግቢያ ላይ፣ አውቶቡሶች ጎን ለጎን ቆመው ያጓራሉ። ሰልፉ እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ተጠማዟል። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ በድምፅ ማጉያ፣ «ውድ እንግዶቻችን፣ ይህ ተራራ ብዙ ሰው አይቷል፤ እንደ እናንተ ያለ ቆንጆ ግን አላየም!» ስትል ይሰማል። ቀልዱ የሬዲዮ ነበር። ራሷ ፈጥራ ስታስቅበት የኖረችው ቀልድ በሰው አፍ ሲነገር ሰማችና አንገቷን ደፍታ ወደ ጫካው ገባች።

በአስጎብኚ ድርጅቱ ውስጥ እናት አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት የለም። አንዴ ከተከፈተች መዝጊያዋ አይገኝም ብለው ነው ሬዲዮ ያሏት። ያንኑ አንድ ተራራ ለስንቱ ሰው ስንት ጊዜ አውርታ አልሰለቻትም ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ ስትናገር ድምፅዋ እንደ ክር ጥው ብሎ ተበጠሰ። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣ ነገር የለም። እንግዶቹ ቀልድ መስሏቸው አጨበጨቡ።

ሐኪሙ ጉሮሮዋን በመብራት አይቶ፣ «እባጭ አለ» አላት። «መጮህ የለም፣ መዝፈን የለም፣ ከት ብሎ መሳቅ የለም። ማንሾካሾክማ ጭራሽ፤ እሱ ይብሳል። መናገር ግድ ሲሆን ብቻ በቀስታ፣ እንደ ዓይን ጠብታ ጥቂት ጥቂት።»

ሥራ አስኪያጁ፣ «ባትሪ የጨረሰ ሬዲዮ ምን ይደረጋል?» ብሎ ቀለደ። ማንም አልሳቀም። ትንሽ ቆይቶ ግን ቢሮው ጠራትና አንድ ነገር አቀረበላት። እንግዶች ግርግር ሰልችቷቸዋል፤ ሰው የማይበዛበት፣ ጸጥ ያለ መንገድ ይፈልጋሉ። ከተራራው ጀርባ አስፋልቱ ሳይሠራ በፊት ሰው ይመላለስበት የነበረ የእግር መንገድ አለ ይባላል፤ መነሻውም ከመጸዳጃ ቤቱ ጓሮ፣ ከአጥሩ ወዲያ ነው። «ሂጂና እይው። ባየሽው ዕለት ደውለሽ ንገሪኝ፤ የማስታወቂያው ወረቀት ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው። የሚሆን ከሆነ መንገዱ ያንቺ ነው። ካልሆነ...» አለና በመስኮቱ ወደ ትኬት መቁረጫዋ ክፍል አየ። ክፍሏ ከልብስ ቁም ሳጥን አትበልጥም።

ወንድሟ፣ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ሚስቱ ከሞተችበት ጀምሮ በሬዲዮ ቤት የጓሮ ክፍል ነው የሚኖረው። ብቻሽን አትሄጂም አላት። «ብትወድቂ ማን ይጮህልሻል? አንቺ እንደሆነ መጮህ ተከልክለሻል!»

«እሺ ጋሼ» ብላ ነበር። ለቀኑ ከመደበችው ድምፅ ላይ ሁለት ቃል ሄደ።

መንገዱ መጀመሪያ ላይ መንገድ አይመስልም ነበር። ቅጠል የሸፈነው ቦይ ነገር ነው። ሲዘልቁበት ግን ድንጋዮቹ በሰው እግርና በጭነት ከብት ኮቴ ብዛት መሃላቸው ጎድጎድ ብሎ፣ እንደ ማንኪያ ለስልሶ አገኙት። የድምፅ ማጉያው ጩኸት እየራቀ፣ እየሳሳ ሄዶ የንብ ድምፅ አከለ። ቀጥሎ ንብም አልሆነ። ከየት እንዳለ የማይታይ ውሃ ከመሬት በታች ይንዶቀዶቃል።

ሬዲዮ በሐሳቧ ማውራቷን አላቆመችም። ልማድ ነው። «በስተግራችሁ የምታዩት...» ይላል አእምሮዋ። በስተግራ በሽበት የተሸፈነ የሚመስል ዛፍ አለ። ስሙን አታውቀውም። «ይህ ዛፍ...» አለችና በሐሳቧ ቀጣዩን ቃል ጠበቀች፤ አልመጣም። ዛፉ ያለ ማብራሪያ ቆሞ አያት። አልፋው ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ዓረፍተ ነገር ጀመረች፤ እሱም ከእጅ ላይ እንደሚያመልጥ ላባ ተንሳፍፎ ቀረ። ከዚያ በኋላ አልጀመረችም።

ጋሼ ግን እያወራ ነው። ስለ ማርሽ፣ ስለ ቁልቁለት፣ ፍሬን በጥሶበት በድንጋይ ክምር ስለ ዳነበት ቀን። ዳገቱ ሲበረታ ወሬው አጠረ። ዛፉ አልቆ ሜዳው ሲከፈት ደግሞ ጨርሶ ጠፋ።

ሜዳው በደመና መሃል የተንሳፈፈ ምንጣፍ ይመስላል። ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ጫፉ ሁሉ ጤዛ አንግቷል። መሃሉ ላይ ትንሽ ኩሬ አለ። ሰማዩ እታች ኩሬው ውስጥ ገብቶ፣ አንዲት ነጭ ደመና በውሃው ላይ በዝግታ ታልፋለች። ሬዲዮ ላይኛውን ትታ የታችኛዋን ደመና በዓይኗ ተከተለች። የቆመች መሆኗን ረሳች። ሕፃን ሳለች ትኩሳት ይዟት ስትተኛ፣ እናቷ ከሌላው ክፍል ስትንቀሳቀስ እየሰማች የነበራት ዓይነት ስሜት መጣባት። የሚጠብቃት የለም፤ የምትናገረውም የለም። ጉሮሮዋ ውስጥ እንደ ጠጠር ተቀምጦ የነበረው ነገር ያለ አይመስልም።

ጋሼ ኮፍያውን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ። ቆይቶ፣ «እሷ ይህን ብታይ» አለ። ማንን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ነፋሱ ሣሩን እያበጠረ አለፈ።

«ስሚኝማ» አለ ጋሼ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዚህ ሰው እንዳታመጪ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ከተናገርሽ አትመልሽውም። ዛሬ አንድ አውቶቡስ፣ ነገ አሥር። መንገዱ ተንዷል በዪው።»

«ትኬት ቤቱስ?»

«ቁረጪዋ ትኬቱን! ባረፍሽ ቀን እኔና አንቺ እንመጣለን።»

ሬዲዮ ኩሬውን አየች። በእርግጥ ማንም ሊያየው አይገባም። ራሷን ነቀነቀች። መንገዱ ተንዷል። ነገሩ በቃ፣ አለቀ።

የቀረውን መንገድ ለራሳቸው ሊያዩት ከሜዳው ተነሥተው ሽቅብ ትንሽ እንደ ሄዱ ጉሙ ወረደባቸው። ነጭ፣ ወፍራም ጉም ነው፤ የጋሼ ጀርባ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ሬዲዮ በሰው ሕልም ውስጥ የምትራመድ መሰላት። የማገዶ ጢስ ሸተታት። ጋሼ አሳለው።

«ማነው?» አለ አንድ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ። «ሰው ነው?»

ሁለቱም ቀጥ አሉ።

«ኮቴ ስሰማ ፍየሌ መስላኝ ነበር» አለ ድምፁ እየቀረበ። «ኋላ ግን ፍየል እንዲህ አያስልም አልኩ።»

ጉሙ ሲገለጥ ረጅም የድንጋይ ቤት ታየ፤ በሮቹ ብዙ ናቸው፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም ተዘግተዋል። በተከፈተው በር ላይ ወንዶች የሚለብሱትን ካፖርት የደረቡ ቀጭን አሮጊት ቆመዋል። ማንነታቸውን እንኳ ሳይጠይቁ የሬዲዮን እጅ ይዘው ወደ ውስጥ ጎተቷት። እጃቸው ሻካራና ሙቅ ነበር።

«ግቡ፣ ግቡ! ልጄ፣ እጅሽ በረዶ ሆኗል እኮ!»

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ» አለች ሬዲዮ።

ውስጡ አንድ ረጅም ክፍል ነው። በግድግዳው ጥግና ጥግ አልጋዎች ተደርድረዋል፤ አንሶላቸው ንጹሕ፣ ብርድ ልብሳቸው ተጣጥፎ እግርጌ የተቀመጠ። የተኛበት ሰው ግን የለም። እማማ ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያ ጣዱ፤ ዳቦ ቆረሱ፤ ወሬውን ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩ። ቤቱ የመንገደኛ ማረፊያ ነበር። አስፋልቱ በዚያኛው ጎን ሳይሠራ በፊት በዚህ የማያልፍ አልነበረም፤ ነጋዴ፣ ተማሪ፣ አንዴ ሙሽራ ከነሚዜዋ ዝናብ ይዟት አድራለች። ባላቸው ሞቱ። ልጆቻቸው አንድ በአንድ ወደ ከተማ ወረዱ።

«አይመጡም?» አለ ጋሼ።

«እኔን ነይ ይሉኛል። ሄጄም ነበር። ልጄ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ አስቀመጠችኝ። ቴሌቪዥኑ ይናገራል፣ ሰዉ ዝም ይላል። ተመለስኩ።»

ጋሼ ሻዩን ሲቀምስ ልቡ ራሰ። ሹፌር ነውና የሰው ቤት መብላት፣ መመረቅ ያውቅበታል። «ታድለው እማማ! ምን ያለ ሰላም ነው! ይህን ለሰው መናገር ኃጢአት ነው። እኛም እኮ አንናገርም ብለን ተማክረናል።»

የእማማ እጅ ማንቆርቆሪያው ላይ ቀረ። «ምኑን ነው የማትናገሩት?»

ጋሼ ወደ እህቱ አየ፤ ሬዲዮ ጣሪያውን አየች። ነገሩን ለማስረዳት ጋሼ ላብ እስኪያጠምቀው ታገለ፤ ስለ ድርጅቱ፣ ስለ አውቶቡሶቹ፣ ስለ ጫጫታው። «ዝምታው እንዳይበላሽ ብለን ነው» ብሎ ጨረሰ።

«ዝምታውን ወደዳችሁት?»

«በጣም እንጂ!»

«ይገባኛል» አሉ እማማ። የቁጣ ድምፅ አልነበረም። «ለእናንተ መልካም ነው። ጠጥታችሁት ትሄዳላችሁ። እኔ ግን እዚሁ እኖርበታለሁ።» ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ባለፈው ክረምት ታምሜ ተኛሁ። መለስ ሲለኝ ፍየሏን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። አንድ ሰው ሲናገር ሰማሁ። ደነገጥኩ፤ ‹ማነው?› አልኩ። ማንም የለም፤ እኔው ነኝ። የገዛ ድምፄን ረስቼው!»

ሳቁ። ጋሼ አብሯቸው ሊስቅ ሞከረና አቃተው።

ሬዲዮ እጇ ሳታዝዘው ወደ ጉሮሮዋ ሄደ። ከሐኪም ቤት ወጥታ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ስትል የወጣውን ሻካራ ድምፅ አስታወሰች። ከጀርባዋ የተቀመጠ ሰው የተናገረ መስሏት ዞር ብላ ነበር። ያን ቀን ማታ ራት ሳትበላ ተኝታለች፤ ለማንም አልተናገረችም።

«እማማ» አለች በቀስታ። «ሰው ሲመጣ ያስቸግራል። እኔ ሳመጣ ስለኖርኩ አውቀዋለሁ። ዛፍ ላይ ስማቸውን ይቀርጻሉ። ኩሬው ውስጥ ጠርሙስ ይጥላሉ።»

«ድሮም ይጥሉ ነበር።»

«ታዲያስ?»

«እቆጣለሁ። ያነሳሉ።» ዓይናቸው በደስታ በራ። «የሚቆጡት ሰው ማግኘትም ቀላል ነገር አይደለም፣ ልጄ።»

ሬዲዮ ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች። ጉሙ እየተገፈፈ፣ መንገዱ ቁልቁል ወደ ሜዳው ሲወርድ ይታያል። ሜዳው ላይ ሆና የቆረጠችው ነገር ትክክል መስሏት ነበር። መንገዱን የራሷ አደረገችው፤ ጫፉ ላይ የሰው በር መኖሩን ግን አላወቀችም። አሁን ደግሞ ሥራ አስኪያጁን በሐሳቧ ሰማችው፤ ባንዲራውን፣ ማጉያውን፣ ከእኚህ አሮጊትና ከፍየላቸው ጋር ፎቶ ለመነሣት የሚጋፋውን ሰው አየች። ይህም አልዋጥ አላት።

«ኔትወርክ የት ነው የሚገኘው?» አለች።

«ከጓሮው ያለው ቋጥኝ ላይ። ልጆቼ እዚያ ስቀመጥ ነው የሚያገኙኝ።»

ጋሼ፣ «ምን ልትዪው ነው?» አለ ተከትሏት እየወጣ። እሷም የምትለውን ገና አላወቀችውም። ቋጥኙ ላይ ወጥታ ደወለች፤ እማማም ካፖርታቸውን ሰብስበው እታች ቆሙ።

«እሺ፣ ሬዲዮ!» አለ ሥራ አስኪያጁ። ድምፁ ይቆራረጣል። «አለ መንገዱ? ይሆናል?»

«አለ» አለች።

ጋሼ ዓይኑን ጨፈነ።

«ግሩም! ስንት ሰው ይይዛል?»

ሬዲዮ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና ጎንበስ አለች። «እማማ፣ ስንት ሰው ቢመጣልዎት ይፈልጋሉ?»

እማማ ጥያቄውን እንደ ጨርቅ ገልብጠው የሚያዩት ይመስል ቆዩ። ወደ ቤቱ፣ ወደ ተዘጉት በሮች፣ ወደ መንገዱ አዩ። «ማታ ሲተኙ» አሉ በመጨረሻ፣ «የእያንዳንዳቸውን ስም ሳልሳሳት ጠርቼ ደህና እደሩ የምላቸውን ያህል። ጭንቅላቴ አርጅቷል፤ ስድስት ያህል እይዛለሁ።»

ሬዲዮ ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች። «ስድስት።»

«ስድሳ? እሰይ! ስድሳ ከሆነማ አንድ አውቶቡስ...»

«ስድስት።»

«አልሰማሁሽም፣ ይቆራረጣል፤ ጮክ በዪ! ስድሳ ነው አይደል ያልሽኝ?»

አሁን አንድ ጊዜ «አዎ» ብትል ማንም አይወቅሳትም፤ መንገዱም ሥራውም የእሷ ነው። ጮክ ብትል ደግሞ ጉሮሮዋ ይደማል። ጥያቄው ደጋግሞ እስኪመጣ ጠበቀች። በየተራ እያንዳንዱን ፊደል ለይታ፣ በቀስታ፣ «ስ-ድ-ስ-ት» አለች። «በአንድ ጊዜ ስድስት ሰው። እዚህ ያድራሉ። የማመጣቸው እኔ ነኝ። ማጉያ የለም።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ አየችው። «ስድስት ሰው ምን ያዋጣል?» አለ ቆይቶ። «ነገ ቢሮ ነይና እንነጋገራለን።»

«እሺ።»

ስልኩን ኪሷ ከተተች። ጋሼ ራሱን ይነቀንቃል፤ ተናዶ ይሁን ተደስቶ ፊቱ አያስታውቅም። «በይ እንውረድ እንግዲህ» አለ ሰማዩን እያየ። «አሁን ከተነሣን የመጨረሻው አውቶቡስ ላይ እንደርሳለን።»

ሬዲዮ ከቋጥኙ ወረደች። ወደ መንገዱ አልዞረችም። በተከፈተው በር ደፍ ላይ ተቀመጠችና የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።

«አንቺ! ምን እየሠራሽ ነው? ልታድሪ ነው?»

እሷ ግን ቀና ብላ እማማን አየች፤ እናት አባቷ ያወጡላትን ስም፣ ለብዙ ዘመን ለማንም ያልተናገረችውን፣ በቀስታ ነገረቻቸው።