ሽፋኑ ውስጥ የደረቀው ንግግር

የእድሩ ሊቀመንበር የአቶ ደምሰው ንግግር በአዲሱ መዝገብ ሽፋን ውስጥ ገብቶ ደረቀ። ንግግሩ ሦስት ሩብ ሰዓት የፈጀ ሲሆን ሽፋኑ ከአንድ ጣት ውፍረት አይበልጥም። እንዴት በቃው ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። አቶ ደምሰውን የሚያውቅ ሁሉ፣ ንግግራቸው ቢጨመቅ ከዚያም ባነሰ ቦታ እንደሚያድር ያውቃል።

መዝገቡን የሠራችው አስካለ ናት። ደብረ ብርሃን ከተማ፣ ከእናቷ መኝታ ቤት ጎን ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ደብተር በእጇ ትሠራለች። ወረቀቱን በክር ትሰፋለች፣ ሽፋኑን ሬዚን ከሚባል ፈሳሽ ፕላስቲክ ታወጣለች። ሬዚን ከማጠንከሪያው ጋር ሲቀላቀል እንደ ማር ይወርዳል፣ ሲደርቅ እንደ መስታወት ጠርቶ ይቀራል። ጠላቱ አረፋ ነው። ስለዚህ አስካለ ቅርጹ ውስጥ ካፈሰሰችው በኋላ የላይተር እሳት በላዩ ላይ እያሳለፈች አረፋውን ታጠፋለች፣ ከዚያም በሩን ዘግታ ትወጣለች። እርጥብ ሬዚን ላይ ማውራት አይገባም፤ ትንፋሽ አረፋ ይሆንበታል።

ይህ ለአቶ ደምሰው ተነግሯቸዋል። እሳቸው ግን ሁለት ሰው አንድ ቦታ ቆሞ ካዩ ስብሰባ ይመስላቸዋል። አርብ ጠዋት፣ ሬዚኑ ገና እንደፈሰሰ የመጡት፣ ለመታሰቢያ ከአሮጌው የእድር ድንኳን የተቆረጠችው ገመድ ሽፋኑ ውስጥ ደህና መቀመጧን ለማየት ነበር። ሁለት ሰው አገኙ፤ አስካለንና ራሳቸውን። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ አንድነት፣ ስለ ልማት፣ ስለ መዝገብ አያያዝ ጥቅም፣ ከዚህም አንጻር ስለ ራሳቸው ድካም ተናገሩ።

አስካለም ዝም አላለችም፤ ጉዳይ ነበራት። እናቷ ወይዘሮ በላይነሽ ሦስት ስብሰባ ቀርተዋል ተብለው ከእድሩ ተሰርዘዋል። የቀሩት እግራቸው ተሰብሮ ነው። እግራቸው የተሰበረው ደግሞ ወደ እድሩ ስብሰባ ሲሄዱ ነው። አሁን ልባቸውም ደክሟል፣ ሐኪሙም ቤት ወስደሽ አሳርፊያት ብሏል። ወይዘሮ በላይነሽ ሞትን እምብዛም አይፈሩም። የሚፈሩት ልጃቸው ያለ ድንኳን፣ ያለ ቀባሪ፣ ሬሳ ይዛ ብቻዋን ደጅ ላይ ስትቆም ነው። እሱን እያሰቡ እንቅልፍ አጥተዋል።

“ጋሼ፣ የእናቴን ነገር እባክዎን” አለች አስካለ።

“ደንቡ አይፈቅድም።”

“እናቴ በላይነሽ እኮ መሥራች አባል ናት።”

“ብትሆንም ደንቡ አይፈቅድም።”

እሷ እናቴ ስትል፣ እሳቸው ደንቡ ሲሉ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። በመጨረሻ ወይዘሮ በላይነሽ ከመኝታ ቤታቸው ውሃ ጠየቁ። “መጣሁ እማዬ!” ብላ አስካለ ሮጠች። በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቱን ሳታሳልፍ ወጣች።

በደብረ ብርሃን ብርድ ሬዚን ሁለት ቀን ይፈልጋል። እሑድ ጠዋት ሽፋኑን ከቅርጹ ስታላቅቀው ውስጡ በአረፋ ተሞልቶ አገኘችው። ትንሹ ጤፍ ያህላል፣ ትልቁ ሽንብራ ያህላል። ጆሮዋን አስጠጋች። ሽንብራው “ልማት” አለ፣ በአቶ ደምሰው ድምፅ።

ወዲያው የድምፁ ባለቤት ራሳቸው መዝገቡን ሊወስዱ መጡ። በሩ ላይ ቆመው እንደ ልማዳቸው አፋቸውን ከፈቱ።

“ልክ ነሽ” አሉ።

ደነገጡ። እንደገና ሞከሩ። “አላውቅም” አሉ።

ነገሩ ቀላል ነበር። አርብ ዕለት የተናገሩት ቃል ሁሉ ሽፋኑ ውስጥ ቀርቷል። አፋቸው ውስጥ የተረፈው በዚያ ንግግር ያልነኩት ብቻ ነው፤ እሺ፣ ይቅርታ፣ አላውቅም፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ፣ እና የመሳሰሉት። ስድሳ ዓመት ሙሉ ስላልተነኩ እንደ አዲስ ዕቃ ያብረቀርቃሉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ይኸኛው ደግሞ በመዶሻ ካልሆነ የሚታሽ አልነበረም።

“መልሽልኝ” አሉ አቶ ደምሰው።

“ካልተሰበረ አይወጣም። ከሰበርኩት ደግሞ መዝገብ የለም” አለች አስካለ። ደንቡ የሚለው ቃል ከሰውየው አፍ መጥፋቱ ሲገባት ፈገግታዋን ለመደበቅ ወደ ሽፋኑ ጎንበስ አለች።

ከሰዓት በኋላ በእድሩ ስብሰባ ላይ አቶ ደምሰው “እናንተስ ምን ትላላችሁ?” ብለው ቁጭ አሉ። አንድ መቶ ሰባት አባላት ሌላ ሰው የተናገረ መስሏቸው ዞር ዞር አሉ። አስካለ እጇን አወጣች።

“የተሰረዘችው… ስለ…” አለች፣ ከዚያ አፏ ባዶ ሆነ። የሷም እናቴ፣ እማዬና በላይነሽ እዚያው ሽፋን ውስጥ ነበሩ።

“ስለ ማን?” አሉ ጸሐፊው አቶ ጎርፉ።

“እኔን ስለወለደችኝ ሴት።”

“ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን። ግን አመልካች የምታመለክትለትን ሰው ስም በራሷ አፍ መጥራት አለባት” አሉ ጸሐፊው። አቶ ደምሰው ቃል ቢያልቅባቸውም እድሩ ደንብ የሚጠቅስ ሰው አላጣም።

ያን ጊዜ ወይዘሮ በላይነሽ በምርኩዝ እያነከሱ ገቡ። ከአልጋቸው እስከ አዳራሹ ያለውን መንገድ ሲጓዙ አንድ ሰዓት ፈጅቶባቸዋል።

“በላይነሽ ነኝ። ወደ እድሬ መልሱኝ” አሉ።

ሁሉም ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። አቶ ደምሰው እምቢታ ፍለጋ አፋቸውን እንደሚያኝክ ሰው አንቀሳቀሱ። በየጥርሳቸው ሥር ፈለጉ። አላገኙም።

“እሺ” አሉ በመጨረሻ። “ይግቡ። ይቅርታ።”

የወይዘሮ በላይነሽ ስም በአዲሱ መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሰፈረ። መዝገቡን አቶ ደምሰው ቤታቸው አላስገባም አሉ፣ አስካለ ይዛው ተመለሰች።

ወይዘሮ በላይነሽ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽፋኑን ጆሯቸው ሥር አድርገው ይተኙ ነበር። የሊቀመንበሩን አረፋ እየዘለሉ የልጃቸውን ይፈልጋሉ። አንዱን ሲያገኙ “አቤት!” ይላሉ፣ ፈገግ ብለው። ቀና ብለው ሲያይዋት ግን አስካለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንቺ፣ አንቺ ከማለት በቀር ምንም መጥሪያ የላትም። የጠፋት ሰላሳ አራት ዓመት ስትጠራው የኖረችው ስም ነው።

ከሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ዕለት፣ መዶሻ ይዛ ገባች።

“ምን ልታደርጊ ነው?” አሉ እናቷ።

“ልስበረውና አንዴ ልጥራሽ።”

“ተይው። ከሰበርሽው ያም ሰውዬ ይናገራል። እኔን መሬት ሳታስገቢኝ አፍ እንዳትሰጭው።”

አስካለ መዶሻውን ይዛ ወጣች።

ወይዘሮ በላይነሽ ሐሙስ አረፉ። እድሩ በሙሉ ወጣ። ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ቀባሪው መንገዱን ሞላው። አቶ ደምሰው የሕይወት ታሪክ ሊያነቡ ተነስተው “አላውቅም፣ ይቅርታ” ብለው ተቀመጡ፤ በሰፈሩ ታሪክ እንዲህ ያማረ ንግግር አልተሰማም ተባለ።

አስከሬኑ ወርዶ አፈሩ መመለስ ጀመረ። ሌላው እንደየዝምድናው ስም እየጠራ ያለቅሳል። አስካለ ልትጠራት ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብላ አፏን በሙሉ ኃይሏ ከፈተች፤ ከደረቷ ሲቃ እንጂ ከአፏ ቃል አልወጣም።

“አቤት” የሚል ድምፅ ከአፈሩ ሥር መጣ።

ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን እንደያዙ ቆሙ። እርስ በርስ ተያዩ። ማንም የጠራ አልነበረም። ትንሽ ጠበቁ፣ ከዚያ አንድ አካፋ ጨመሩ፣ ሌላም ጨመሩ።

አስካለ አፏን አልዘጋችም።

“አቤት፣ አቤት ልጄ” አለ አፈሩ፣ እየራቀ።