አንድ ቴስት ወደቀ

«ደቂቃ ንገሪኝ እንጂ! ‹ትንሽ ነው የቀረው› ደቂቃ አይደለም» አለች ትልቋ፣ የነርስ ጋውኗን እጅጌ ወደ ላይ እየሰበሰበች።

ትንሿ ዓይኗን አላነሳችም። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ መስመሮች እየተግተለተሉ ያልፋሉ። «ሃያ ደቂቃ።»

«የቅድሙም ሃያ ነበር።»

እህትማማቾች ናቸው። ትልቋ የሕፃናት ክፍል ዋና ነርስ ናት፤ ትንሿ ደግሞ የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች መጠበቅ ከጀመረች ገና አራተኛ ወሯ ነው። ሥራውን ያገኘችውም ትልቋ ዳይሬክተሩ ፊት ቆማ «የእሷን ነገር ለእኔ ይተዉት» ስላለች ነው።

የዛሬው ጣጣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጀመረ። ትንሿ የሕሙማኑ መዝገብ ያለበት ዳታቤዝ አርጅቷል ብላ አሮጌውን ፕሮግራም ከሰርቨሩ አጠፋችና አዲሱን ጫነች። አዲሱ እቴ፣ የአሮጌውን ፋይል «እኔ አልጻፍኩትም፤ አላነብም» ብሎ ፊቱን አዞረ። ኩራቱ! መጀመሪያ በአሮጌው አስነብባ መገልበጥ ነበረባት፤ ይህን ማንም ጀማሪ ያውቀዋል። እሷም ታውቀው ነበር። ቸኩላ ነው። መዝገቡ አልጠፋም፣ ዲስኩ ላይ አለ፤ የሚከፍተው ግን የለም። ተሠርቶ ያለቀ አሮጌ ፕሮግራም ዛሬ ከየት ይመጣል? ኮዱን ፈላልጋ አገኘችና እዚያው ሰርቨሩ ላይ ከመሠረቱ ትገነባው ጀመር።

«አራት ሰዓት ላይ መድኃኒት አድላለሁ» አለች ትልቋ። «ሃያ ሦስት ልጅ አለኝ። ለማን ስንት እንደሚሰጥ የተጻፈው እዚህ ሳጥንሽ ውስጥ ነው። ዳይሬክተሩ ደግሞ ሁለቴ ደውሏል።»

«ምን አልሽው?»

«መብራት ተቋርጦ ነው አልኩት።»

ትንሿ ዞር ብላ አየቻት። ከራሳቸው በላይ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል።

«እንደዚህ አትዪኝ። ታዲያ ምን ልበለው? እህቴ አጠፋችው ልበለው?»

መስመሮቹ ቆሙ። ግንባታው አልቋል። የቀረው ፕሮግራሙ ራሱን የሚፈትንበት ቴስት ነበርና አስጀመረችው። አለፈ፣ አለፈ፣ አለፈ... ትልቋ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ምንም ሳይገባት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራ ትቆጥራለች።

አንዱ ወደቀ።

«ከመቶ ሁለቱ መቶ አንዱ አልፏል» አለች ትልቋ። «እኔ ትምህርት ቤት እንዲህ አምጥቼ ባውቅ እማዬ በደስታ ታብድ ነበር። በቃ ጫኚው!»

ትንሿ ግን የወደቀውን ከፍታ አነበበች። ከነጥብ በኋላ ያሉ ቁጥሮችን የሚፈትነው ነው። መስጠት ከነበረበት መልስ ጥቂት፣ በጣም ጥቂት ዘንበል ብሏል። ኮዱ የድሮ ነው፤ ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚለውጠው ኮምፓይለር ደግሞ አዲስ። ሥራ አፈጥናለሁ ሲል ስሌቱን ሳያዛባው አልቀረም። አታፍጥን ብሎ ከልክሎ እንደገና መገንባት ይቻላል። ግን ሌላ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ አራት ሰዓት ያልፋል።

«ያ የልብ መድኃኒት የሚወስደው ሕፃን መጠኑ ስንት ነው?»

«በሩ አጠገብ ያለው? እሱማ ጠብታ ነው የሚወስደው። ዜሮ ነጥብ ሃያ አምስት ሚሊ።» ትልቋ የእህቷን ፊት አየች። «ምነው?»

«ምናልባት የእሱን ቁጥር አይነካው ይሆናል። አላውቅም። አላውቅም እኮ ነው የምልሽ።»

ትልቋ እጆቿን ጭኖቿ ላይ አድርጋ ስክሪኑ ላይ ያለችውን አንዲት ቀይ መስመር ታያለች።

«ሳትጭኚው አራት ሰዓት ካለፈ እኔንም አንቺንም ያባርሩናል» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ፤ ዳይሬክተሩ ነው። ትልቋ እጇን ሰደደች፤ ትንሿ ቀደመቻት። እጀታውን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ፣ ጠዋቱን ሙሉ የገነባችውን የሚያጠፋውን ትእዛዝ ጽፋ ቁልፉን ተጫነች።

«ዶክተር፣ መብራት አልተቋረጠም» አለች። «አሮጌውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የአራት ሰዓቱን መድኃኒት ሐኪሞቹ በየአልጋው እየዞሩ በእጃቸው ይጻፉት።»